የየትኛው ዓለም ሻምፒዮን?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት የስፖርት ገፃችሁ ላይ «የዓለም ሻምፒዮን ሆነ» የሚል ርዕስ አየሁ። ትልቅ ፎቶም አለው። ልጁ ትሪ የሚያህል ቀበቶ ወገቡ ላይ አስሮ ይስቃል። ዜናውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የየትኛው ድርጅት ሻምፒዮን እንደሆነ አንድም ቦታ አልተጻፈም። ባለቤቴ «ምን አስቆጣህ?» አለችኝ። ማስረዳት ስጀምርላት ቡናዋን ይዛ ወጣች። ስለዚህ ለእናንተ ልጻፈው አልኩ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንያዝ። በፕሮፌሽናል ቦክስ አራት ትልልቅ ቀበቶ ሰጪ ድርጅቶች አሉ፦ ደብሊውቢኤ፣ ደብሊውቢሲ፣ አይቢኤፍ እና ደብሊውቢኦ። አራቱም የሚጋሯቸው የክብደት ምድቦች 17 ናቸው። አባዙት፤ 68 «የዓለም ሻምፒዮን» ይመጣል። ይህ ዋና ዋናው ብቻ ነው። በላዩ ላይ «ጊዜያዊ ሻምፒዮን» የሚባል አለ። ደብሊውቢኤ በአንድ ክብደት «ሱፐር» እና «መደበኛ» እያለ ሁለት ሻምፒዮን ሲያነግሥ ኖሯል። ደብሊውቢሲ ደግሞ የአልማዝና የብር ቀበቶ አለው። ፒያሳ ወርቅ ቤት የገባችሁ ነው የሚመስላችሁ። ጆ ሉዊስ ከ1937 እስከ 1949 ከባድ ሚዛኑን ሲገዛ (ካልነገርኳችሁ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) 25 ጊዜ ማዕረጉን አስጠብቋል። ያኔ ሻምፒዮኑ ማነው ተብሎ አይጠየቅም ነበር።

ቀበቶ ለምን በዛ? መልሱ ቀላል ነው። ለማዕረግ የሚደረግ ግጥሚያ ባለ ቁጥር ድርጅቱ ከቦክሰኛው ክፍያ ይቆርጣል፤ ብዙ ጊዜ 3 በመቶ ገደማ። ቀበቶ ሲበዛ የሚቆረጠውም ይበዛል። አዘጋጁም ይወደዋል፣ ፖስተሩ ላይ «የዓለም ሻምፒዮና» ብሎ መጻፍ ትኬት ይሸጣልና። ቴሌቪዥኑም ይወደዋል። ግራ የሚጋባው ተመልካቹ ነው።

የኦሌክሳንደር ኡሲክን ነገር እዩት። በ2023 ክረምት ፖላንድ ውስጥ ዳንኤል ዱቧን በ9ኛው ዙር ዘረረው። በ2024 ሪያድ ላይ ታይሰን ፉሪን በነጥብ አሸንፎ አራቱንም ቀበቶ ሰበሰበ። ከሌኖክስ ሌዊስ ወዲህ፣ ከ1999 ጀምሮ ማለት ነው፣ ከባድ ሚዛን አንድ ንጉሥ አልነበረውም። እኛም እሰይ አልን። ሁለት ወር ሳይሞላ አይቢኤፍ ተረኛ ተፋላሚ አለኝ፣ ከእሱ ጋር ተጋጠም አለ። ኡሲክ ደግሞ ከፉሪ ጋር የመልስ ግጥሚያ ውል ነበረበት። ቀበቶውን ትቶ ወጣ። ማን ወረሰው? ዱቧ! ዓመት ሳይሞላው የተዘረረው ልጅ ሻምፒዮን ተባለ፤ የዘረረው ሰው ደግሞ በማንም አልተሸነፈም። ዱቧን አልወቅስም፤ ጎበዝ ነው፣ ቀጥሎ አንቶኒ ጆሹዋንም ዘርሮታል። በ2025 ዌምብሌይ ላይ ከኡሲክ ጋር እንደገና ተገናኙ። ኡሲክ በ5ኛው ዙር ዘረረው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዙሪያ ጥምጥም ሄደን የተነሣንበት ቦታ ተመለስን።

ይህ ሁሉ ግን ከነጥብ አሰጣጡ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። እኔን የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።

መስከረም 2010 (ይቺኛዋ በእኛ ናት)፣ እሁድ ማለዳ 12 ሰዓት ገደማ። የዘመን መለወጫው ዶሮ ገና ከድስቱ አላለቀም። ሰፈራችን ያለች አንዲት ግሮሰሪ ውስጥ ስምንት ሰው ተሰብስቦ ካኔሎ አልቫሬዝንና ካዛኩን ጌናዲ ጎሎቭኪንን ከላስ ቬጋስ ያያል። መካከላችን አንድ ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ ሹፌር አሉ። ያለ እስክሪብቶ ቦክስ አያዩም። የዚያን ቀን ወረቀት አጥተው በሎተሪ ጀርባ ላይ ነበር ነጥብ የሚይዙት። ዙሩ ባለቀ ቁጥር መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ቁጥር ይጽፋሉ። ደወሉ ሲደወል «ጋሼ፣ ስንት ስንት?» አልናቸው። «ለካዛኩ፣ 115 ለ113።» ከእኛ አንዳንዱ የበለጠ ሰጥቶታል። አቻ ነው ያለም ነበር።

ከዚያ የዳኞቹ ውጤት ተነበበ። አንዱ ዳኛ እንደ ጋሼ 115 ለ113 ለጎሎቭኪን። አንዱ 114 እኩል። ሦስተኛዋ አዳሌይድ ባይርድ 118 ለ110 ለካኔሎ! ከ12 ዙር 10ሩን ለካኔሎ ሰጠችው ማለት ነው። ግሮሰሪው ጸጥ አለ። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሴትዮዋ የት ነበረች?» አሉ። ሎተሪውን ገልብጠው ቁጥሩን አዩና ኪሳቸው ከተቱት። እሱም አልወጣላቸውም።

ውጤቱ አቻ ተባለ። በአቻው ማን ከሰረ? ጎሎቭኪን ብቻ። ካኔሎ አልተሸነፈም። አዘጋጆቹ የመልስ ግጥሚያ አገኙ። ከተማው እንደገና እንግዳ ተቀበለ። የመልሱ ግጥሚያ ራሱ በግንቦት 2018 ሊካሄድ ታስቦ ካኔሎ ክሌንቡቴሮል የተባለ የተከለከለ ንጥረ ነገር ተገኘበትና ለስድስት ወር ታገደ። ከበላሁት ሥጋ ነው አለ። በመስከረም ተመልሶ በጠባብ ነጥብ አሸነፈ።

ባይርድ ጉቦ በላች እያልኩ አይደለም። ጉቦም አያስፈልግም። አሜሪካ ውስጥ ዳኛ የሚመድበው የክፍለ ግዛቱ ኮሚሽን ነው፤ አበሉ ግን ከአዘጋጁ ኪስ ነው የሚወጣው። ቀበቶ ሰጪውም በማዕረግ ግጥሚያ ላይ በዳኛ ምርጫ ድምፅ አለው፤ እሱም ከዚያው ግጥሚያ ነው የሚቆርጠው። ኮሚሽኑ ደግሞ ትልልቅ ግጥሚያ ወደ ሌላ ከተማ እንዳይሄድበት ይፈልጋል። እንግዲህ ዳኛውም፣ ቀበቶ ሰጪውም፣ ተቆጣጣሪውም ከአንድ መሶብ ነው የሚበሉት። መሶቡን የሚያቀርበው ደግሞ ትልቁን ስም ይዞ የመጣው ወገን ነው። ዳኛ ሰው ነው። አዳራሹ ለማን እንደሚጮኽ ይሰማል። በሚቀጥለው ወር ማን እንደሚጠራውም ያስባል። የቦክስ በሽታ ብላችሁ አንድ ነገር ጥራ ብትሉኝ ይህን ነው የምጠራው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይቀዳል።

መፍትሔው ያን ያህል ከባድ አይደለም። የዳኛ አበል ከሁሉም ግጥሚያ በሚዋጣ የጋራ ካዝና ይከፈል፤ ማን ከየት እንዳዋጣ ዳኛው አይወቅ። ዳኞቹ ከብቁ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ በዕጣ ይመደቡ። ዕጣውም ግጥሚያው ሊጀመር ሲል ይውጣ። ውጤቱ ከሌሎቹ ሁለት ዳኞች በጣም የራቀ ዳኛ ዙር በዙር በጽሑፍ ያስረዳ፤ ጽሑፉም ይፋ ይሁን። ደብሊውቢሲ በአንዳንድ ግጥሚያዎች ከ4ኛውና ከ8ኛው ዙር በኋላ ነጥቡን ለሁሉም አሳውቋል። ብዙ ሰው ጉጉቱን ይገድለዋል ብሎ አይወደውም። እኔ ወድጄዋለሁ። ወደኋላ መቅረቱን ያወቀ ቦክሰኛ በቀሩት ዙሮች ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ዳኛውም እየታየ መሆኑን ያውቃል።

ስለ ቦክሰኛው ጭንቅላት ደግሞ ትንሽ ልበል። እኔም በጉርምስናዬ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ቦክስ ሠርቻለሁ። ለ15 ልጅ ሦስት ጥንድ ጓንት ነበረን። የውስጡ ስፖንጅ አልቆ፣ ላብ ጠጥቶ ደርቆ፣ ስታጠልቀው እንጨት የመሰለ። አንድ ማክሰኞ በልምምድ ላይ ጆሮ ግንዴን ተመታሁ። አልወደቅኩም፤ መውደቅ ያሳፍር ነበር። ወደ ቤት ስሄድ ግን በየቀኑ የምሳፈርበት ታክሲ ተራ ጠፋብኝ። ቆሜ ሰዎቹን አያለሁ፤ የት እንደምሄድ አላውቅም። ማታ እናቴን ጉንፋን ይዞኛል አልኳት። ሐሙስ ተመልሼ ጓንት አጠለቅኩ። ማንም ተው አላለኝም። አሠልጣኛችን ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም እንዲሁ ነው ያደገው።

ትልቁ ዓለም ይህን ያውቃል ብዬ አስብ ነበር። በ2019 ከዋሽንግተን ዲሲ ጥቂት ወጣ ብሎ፣ የእኛ ሰው በብዛት በሚኖርበት አካባቢ፣ ሩሲያዊው ማክሲም ዳዳሼቭ ከሱብሪየል ማቲያስ ጋር ተጋጠመ። ከ11ኛው ዙር በኋላ አሠልጣኙ ባዲ ማክገርት ተንበርክኮ «እባክህ ላስቁመው» እያለ ሲለምነው በቪዲዮ ይታያል። ዳዳሼቭ ራሱን ነቀነቀ፤ እምቢ። ማክገርት እምቢታውን አልሰማም፤ አስቆመው። ያም ሆኖ ዘገየ። ልጁ ከአራት ቀን በኋላ በ28 ዓመቱ አረፈ። ያንን ቪዲዮ ያየ ሰው «ግጥሚያ ለማስቆም ፎጣ የወረወረ አሠልጣኝ ፈሪ ነው» አይልም።

በቦክስ ሕግ የሚለወጠው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። 15 ዙር ወደ 12 የወረደው ኮሪያዊው ዱክ ኩ ኪም በ1982 ከሬይ ማንቺኒ ጋር 14ኛው ዙር ላይ ተዘርሮ ከሞተ በኋላ ነው። ዛሬ ደግሞ የሚያስፈልገው ከቦክሰኛው ጋር ከአገር አገር የሚሄድ አንድ የሕክምና መዝገብ ነው። አንዱ አገር ሐኪም ያገደው ቦክሰኛ ሌላ አገር ሄዶ ይጋጠማል። ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) ላይ የተመታውን ደግሞ ማንም አይቆጥረውም። ካሊፎርኒያ በ1980ዎቹ የጀመረችው አንድ ጥሩ ነገር አለ፦ ከእያንዳንዱ የቦክስ ትኬት ከአንድ ዶላር ያነሰ እየተቆረጠ ለቦክሰኞች ጡረታ ይገባል። በቂ ዙር የተጋጠመ ቦክሰኛ ዕድሜው 50 ሲደርስ ይወስዳል። ከአንድ ዶላር ያነሰ! ላስ ቬጋስ፣ ለንደን፣ ሪያድ ይህን ማድረግ ያቃታቸው ትኬት ሳይሸጥላቸው ቀርቶ ነው?

ሪያድን ካነሣሁ አይቀር፣ የሳዑዲ ገንዘብ ቦክስን አበላሸ የሚሉ አሉ። እኔ ግማሽ በግማሽ ነኝ። ኡሲክና ፉሪን፣ ቤተርቢየቭና ቢቮልን ያገናኘው እሱ ነው። ሰዓታችንም አንድ ስለሆነ ለእንቅልፋችን ጠቅሞናል። የመንግሥት ገንዘብም ለቦክስ አዲስ አይደለም። በ1974 ኪንሻሳ ላይ ለመሐመድ አሊና ለፎርማን ለእያንዳንዳቸው 5 ሚሊዮን ዶላር የተባለው ከዛየሩ መሪ ከሞቡቱ ነው። አባቴ ያንን ፍልሚያ ሲያወራ አይደክመውም ነበር። ግጥሚያው የተጀመረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት መሆኑን ግን አልነገረኝም፤ አሜሪካኖች ማታ እንዲያዩት ነው። ገንዘብ ሰጪው ቢለዋወጥም ሰዓቱን የሚቆርጠው ሁልጊዜ ከፋዩ ተመልካች ነው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የዩኤፍሲው (የድብልቅ ፍልሚያ ድርጅት ነው) ዳና ኋይት ከሳዑዲዎች ጋር ሆኖ አዲስ የቦክስ ድርጅት አቋቁሟል። አሜሪካ ውስጥም በ2025 የቦክስ ሕጉን ለማሻሻል ረቂቅ ቀርቧል። በረቂቁ መሠረት አንድ ድርጅት ግጥሚያ ሊያዘጋጅም፣ ደረጃ ሊያወጣም፣ ቀበቶ ሊሰጥም ይችላል። አንድ ሻምፒዮን፣ አንድ ቀበቶ፤ ለተመልካች ቆንጆ ነው። በ2000 በአሊ ስም የወጣው ሕግ ግን አዘጋጅ ከግጥሚያው ስንት እንዳገኘ ለቦክሰኛው እንዲያሳይ ያስገድዳል። ያንን በር የሚዘጋ ነገር ከመጣ ቦክሰኛው የሚደራደርበት ነገር አይኖረውም። ዩኤፍሲ ክፍያችንን አፍኖ ይዟል ብለው ከከሰሱት ተፋላሚዎቹ ጋር የተስማማው 375 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ነው። በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል፤ ቢያንስ በሬው ቢላዋውን ይየው።

ከዩቲዩብ ወደ ቦክስ ስለመጣው ጄክ ፖል አንድ ነገር ብቻ። የ27 ዓመቱ ልጅ ከ58 ዓመቱ ማይክ ታይሰን ጋር ሲጋጠም እኔም አይቻለሁ። አፍሬአለሁ፤ ግን አይቻለሁ። ኔትፍሊክስ 60 ሚሊዮን ቤት አየው አለ፤ አንዱ የእኔ ነው። እውነተኛ ቦክሰኞች እርስ በርስ ለመገናኘት አምስት ዓመት ሲደራደሩ ሰው ሌላ ነገር ቢያይ አይፈረድበትም። ሜይዌዘርና ፓኪያው ከ2009 ጀምሮ ሲነጋገሩ ቆይተው የተገናኙት በ2015 ነው፤ አንዱ 38፣ አንዱ 36 ዓመት ሞልቶት።

አዘጋጅ ሆይ፣ እናንተ ላስ ቬጋስን አትለውጡም፤ እኔም አልለውጥም። የስፖርት ገፃችሁን ግን ትለውጣላችሁ። «የዓለም ሻምፒዮን» ብላችሁ ስትጽፉ የየትኛው ድርጅት እንደሆነ ጨምሩ። በነጥብ ካለቀ ሦስቱ ዳኞች እነማን እንደሆኑና ስንት ስንት እንደሰጡ ጻፉ። ቀበቶውን ከማን ወሰደው? አሸንፎ ነው ወይስ ባለቤቱ ስለተወው? ሁሉም ተደምሮ አራት መስመር አይሞላም። ቦታ ከጠበባችሁ ፎቶውን አሳንሱት።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ