ሴራሚክ ሠራተኛውን ከላይኛው ካቢኔት በፊት ጥሩት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባሕር ዳር ውስጥ ሴራሚክ በመለጠፍ የምተዳደር ሰው ነኝ። አባይ ማዶም በሉት ቀበሌ 14፣ የምጠራው ብዙ ጊዜ የኪችን ካቢኔቱ ከላይም ከታችም ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ነው። «መሃል ያለችው ግድግዳ ብቻ እኮ ናት፣ ምን አላት?» ይሉኛል። ብዙ ነገር አላት።

የታችኛው ካቢኔትና ግሬናይቱ መቅደማቸው ትክክል ነው፣ ሴራሚኩ እነሱን ይዞ ነው የሚነሳው። የላይኛው ግን ይጠብቅ። ሴራሚኩ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከጀርባው ከገባ የተቆረጠው ጠርዝ አይታይም። ቀድሞ ከተሰቀለ ግን እያንዳንዷን በልክ መቁረጥ ነው፣ ግድግዳውም ካቢኔቱም ውሃ ልክ ካልጠበቁ ደግሞ አንዱ ጋ ጠባብ ሌላው ጋ ሰፊ ክፍተት ይወጣና ዓይን ውስጥ ይገባል። ካቢኔት ሠሪዎች «ሴራሚኩ ከኋላ ከገባ ካቢኔቱ ከግድግዳው ይርቅብናል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ግን ከላይ በኩል የሴራሚኩን ውፍረት የሚያክል ቀጭን እንጨት ቢያስገቡ ያልቃል።

የላይኛው ካቢኔት አንዴ ከተሰቀለ ደግሞ ሙሉው ሴራሚክ ከታች ይጀምር፣ የተቆረጠው ካቢኔቱ ሥር ይሁን።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግሬናይቱና ሴራሚኩ የሚገናኙበት መስመር ነው። በነጭ ሲሚንቶ ይደፈንና ሥራው አለቀ ይባላል። ካቢኔቱ ዕቃ ሲሞላ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ የማጠቢያው ውሃ በስንጥቁ ይወርዳል፣ ካቢኔቱ የሚሠራበት ኤምዲኤፍ የሚባለው የተጨመቀ እንጨት ደግሞ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ ካበጠ ወደ ነበረበት አይመለስም። እናቶች ስንት ዓመት ቆጥበው ያሠሩት ካቢኔት እንዲህ ሲበላሽ ማየት ያሳዝናል። ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ተትቶ ሻጋታ በማይዘው ሲሊኮን ይሞላ። ሲሊኮን አብሮ ይለጠጣል።

ማጣበቂያውንም በሴራሚኩ አራት ጥግና መሃል ላይ ብቻ ጠብ ጠብ አድርጎ መለጠፍ ይቅር። ከኋላ ባዶ የሆነ ሴራሚክ ሲያንኳኩት ይጮኻል፣ መደርደሪያ ልስቀል ብለው ሲበሱት ይሰነጠቃል። ዘይት ቀለም የተቀባ ግድግዳም ሳይወቀር አይለጠፍበት።

ሶኬት ካለ መብራቱ ከቆጣሪው ይጥፋ። ሴራሚኩ ግድግዳውን ስለሚያወፍረው ሶኬቱን መልሶ ለማሰር ረዘም ያለ ብሎን ያስፈልጋል። ላላ ብሎ የተንጠለጠለ ሶኬት እርጥብ እጅ በሚነካው ቦታ አደጋ ነው።

የእኛ ከተማ ሰው አሳ ይጠብሳል፣ ቆሮሶ ሲጠበስ ዘይቱ የት የት እንደሚፈናጠር ታውቃላችሁ። ስለዚህ ከምድጃው ኋላ ባለው መገጣጠሚያ ነጭ ሳይሆን ግራጫ መሙያ ይግባ።

አዘጋጁን የምለምነው ስለ ቤት በምትጽፉበት ገጽ ይህን የሥራ ቅደም ተከተል እንድታወጡልን ነው። ካቢኔት ሠሪዎችም ከመስቀላችሁ በፊት ደውሉልን። ለጥፈን ማጣበቂያው አንድ ቀን ይደርቃል፣ በማግስቱ የሴራሚኩን መገጣጠሚያ እንሞላለን፣ ከዚያ ግቡና ስቀሉ።

አክባሪያችሁ፣
ሴራሚክ ሠራተኛ፣ ከባሕር ዳር