እህት ዓለም፣ አንድ ነገር ልለምንሽ

እህት ዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን አጥፍቼ ስቀር እንደተቀየምሽኝ አውቃለሁ። ይቅር በይኝ። ስንገናኝ የልብሽን ትቆጪኛለሽ፤ ለነገሩ የአንቺ ቁጣ ከአቦል አያልፍም።

አሁን የምጽፍልሽ ስለ እህቴ ልጅ ነው። ያቺ ጀርባሽ ላይ ካልታዘልኩ ብላ ታለቅስ የነበረችው ዛሬ 19 ዓመቷ ነው፤ 1500 ሜትር ትሮጣለች። አሰልጣኟ ለዓለም ሻምፒዮና ተስፋ ጥሎባታል። ግን እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2025 ወዲህ እዚያ በሴቶች ምድብ ለመሮጥ ኤስአርዋይ የሚባለውን፣ ብዙውን ጊዜ ወንዶች ላይ የሚገኘውን ጂን መመርመር ግዴታ ሆኗል። ጉንጭ ውስጥ በጥጥ ይጠረጋል፣ ወይም ደም ይሰጣል፤ በዕድሜ አንዴ ነው።

በቀደም ሹሩባ እየሠራሁላት ድንገት «አክስቴ፣ ወንድ ነሽ ቢሉኝስ?» አለችኝ። እጄ ጸጉሯ ላይ ቀረ። ለካ እስካሁን የወር አበባ አይታ አታውቅም! ለማንም አልተናገረችም። ሰፈር ውስጥ ከልጅነቷ ጀምሮ «ወንዳወንድ» እየተባለች ነው ያደገችው፤ ያንን ስድብ አሁን ላቦራቶሪ የሚያጸድቀው መስሏታል።

አንቺ ሐኪሟ እያለሽ እኔ ላስተምርሽ አይደለም። ግን እንቅልፍ አጥቼ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ምናልባት ነገሩ ቀላል ነው። ጠዋት ያን ሁሉ ሮጣ የምትቀምሰው ሻይ በዳቦ ነው፤ ብዙ ሮጦ ትንሽ መብላት ደግሞ የወር አበባን ያዘገያል። ሌላም ሊሆን ይችላል። የስፔኗ መሰናክል ሯጭ የማሪያ ሆሴ ማርቲኔዝ ፓቲኞ ታሪክ ነው ያስፈራኝ። እ.ኤ.አ. በ1985 ጃፓን፣ ኮቤ ላይ ተመርምራ ወንዶች ዘንድ የተለመደው ኤክስዋይ ክሮሞሶም እንዳላት ታወቀ። ሰውነቷ ግን ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንድነት ሆርሞን ጨርሶ አይቀበልም፤ ከእሱ ያገኘችው ጉልበት አልነበረም። ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ ድሎቿ ተሰረዙ፣ እጮኛዋ ጥሏት ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1988 መልሰው ፈቀዱላት፤ ምርጥ ዓመታቷ ግን አልፈው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ኦሎምፒክ ላይ 3387 ሴቶች ተመርምረው በ8ቱ ጂኑ ተገኘ፤ ሁሉም እንዲወዳደሩ ተፈቀደላቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 ጂኑን ካገኙት ሳይንቲስቶች አንዱ አንድሩ ሲንክሌር ራሱ ይህን ምርመራ ይቃወማል። ጂኑ መኖሩ ብቻውን ይሥራ አይሥራ፣ ሰውነት ሆርሞኑን ይጠቀም አይጠቀም አይነግርም ባይ ነው። የዛሬው ደንብም እንደ ማሪያ ሆሴ ሰውነታቸው ሆርሞኑን ጨርሶ የማይቀበለውን አያግድም። ሴቶች በእኩል ይሮጡ መባሉን አልጠላም፤ እሷም የምትፈልገው ያንኑ ነው። የሚያንገበግበኝ ይህች ልጅ ስለ ገዛ አካሏ ከውጤት ወረቀት፣ ባስ ሲልም ከሰው አፍ መስማቷ ነው። እኔ አሳድጌያታለሁ፣ ሴትነቷ ለእኔ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም።

እና... እንዴት ልበልሽ... ከምርመራው በፊት አንቺ እያት። አልትራሳውንድም ይሁን የሆርሞን ምርመራ፣ ያስፈልጋል ያልሽውን እናደርጋለን። ብቻ ለብቻዋ አነጋግሪያት። ስለ ምግቧም ተቆጪልኝ፣ እኔን አልሰማ ብላለች። ለእናቷ ገና አልነገርናትም፤ ልጅቷ አስምላኛለች፣ መሐላው ከብዶኛል።

ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ነፃ ናት። ክሊኒክ ይዣት ልምጣ ወይስ ቤትሽ ይሻላል? በቴሌግራም ጻፊልኝ። እንዳትደውዪ፣ እህቴ ከአጠገቤ አትጠፋም።

ያንቺዋ