የተውኔት ድርሰት ከታሪኩ ሳይሆን ከንግግሩ ይነሣ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ሥነ ጽሑፍ በማስተማር ባሳለፍኳቸው ዓመታት ስለ ሼክስፒር «ሐምሌት» የተጻፉ ብዙ የተማሪ ድርሰቶችን አርሜአለሁ። አብዛኞቹ የአባቱን ደም ለመመለስ ስለሚያመነታው የዴንማርክ ልዑል በሚናገር ዐረፍተ ነገር ይጀምሩና፣ ታሪኩን ከአባቱ ሙት መንፈስ መገለጥ እስከ መጨረሻው የሰይፍ ግጥሚያ በቅደም ተከተል ተርከው፣ በቀል መጥፎ መሆኑን በመምከር ያበቃሉ። የተጻፈው ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ተውኔቱን ገልጦ ያላየ ሰውም ሊጽፈው ይችላል። ጥፋቱን በተማሪዎቹ ላይ ብቻ መጫን አይገባም፤ «የሐምሌትን ጠባይ ግለጽ» ብለን የምንጠይቀውም፣ ለትረካው ጥሩ ማርክ የምንሰጠውም እኛው መምህራን ነን።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የገጸ ባሕርያት ንግግር የደራሲው ምክር ተደርጎ መጠቀሱ ነው። ሰው ለራሱ ታማኝ እንዲሆን ሼክስፒር እንዳስተማረ በየድርሰቱ ይጻፋል። ይህን የሚለው ግን የንጉሡ አማካሪ ፖሎኒየስ ነው፤ ልጁን ሌየርቲስን ወደ ፈረንሳይ ሲሸኝ ይመክረዋል። ይኸው አባት በሁለተኛው ገቢር መክፈቻ ላይ ሬይናልዶ የተባለውን አገልጋዩን ወደ ፓሪስ ልኮ ልጁን እንዲሰልልለት፣ አዋዋሉን ለማውጣትም ስለ እርሱ መጠነኛ የሐሰት ወሬ እንዲነዛ ያዝዘዋል። ሁለቱን ትዕይንቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ ተማሪ፣ ምክሩ ከማን አፍ እንደወጣ ሲያስተውል የሚጽፈው ነገር ሞልቶ ይተርፈዋል።

ስለ መኖርና አለመኖር የሚነገረው ዝነኛ ንግግርም እንዲሁ ነው። ሐምሌት ለብቻው የሚናገር ይመስለናል፤ ሆኖም ንጉሡና ፖሎኒየስ ሊያደምጡት ተደብቀዋል፣ የፖሎኒየስ ልጅ ኦፌሊያም መጽሐፍ ይዛ እንድትቆይ ታዝዛ በአቅራቢያው አለች። መኖራቸውን ያውቃል ወይስ አያውቅም? ተዋናዩ አንዱን መምረጥ አለበት፤ ተማሪውም እንዲመርጥና ምርጫውን ከቃለ ተውኔቱ በማስረጃ እንዲደግፍ ቢጠየቅ፣ ከሌላ ሰው የተቀዳ መልስ አይበቃውም። ለበሰሉት ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1603 በታተመው የመጀመሪያ ቅጂ ይህ ንግግር የሚመጣው ተጓዥ ተዋንያኑ ወደ ቤተ መንግሥቱ ከመድረሳቸው በፊት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1623 በወጣው ትልቁ የሼክስፒር ተውኔቶች መድበል ግን ሐምሌት በእነርሱ አማካይነት አባቱን የገደለውን ንጉሥ ለማጋለጥ ካቀደ በኋላ ነው። ተስፋ የቆረጠ ሰውና ዕቅድ የያዘ ሰው ተመሳሳይ ቃላት ቢናገሩ ትርጉሙ አንድ ይሆናልን?

ተማሪው አስቀድሞ ታሪኩን ማወቅ አለበት የሚሉ ባልደረቦቼ ልክ ናቸው። ይህ ግን በክፍል ውስጥ በቃል ጥያቄ በአጭር ጊዜ ሊረጋገጥ የሚችል ስለሆነ ድርሰቱን ሊይዝበት አይገባም። የማቀርበው ሐሳብ ከባድ አይደለም፤ ተማሪዎች ከመጻፋቸው በፊት ሃያ ያህል መስመር መርጠው ጮክ ብለው እየተቀባበሉ ያንብቡ፣ ከዚያም ማን ለማን፣ ማን እየሰማ፣ ምን ፈልጎ እንደተናገረ ብቻ ይጻፉ። ተውኔት ለመነገር የተጻፈ በመሆኑ፣ በዓይን ብቻ ሲነበብ የሚያመልጥ ነገር በአፍ ሲነገር ይያዛል።

በዚህ መንገድ ካስጻፍኳቸው ተማሪዎች አንዷ ያነሣችው ጉዳይ የተውኔቱን የመጀመሪያ ንግግር ብቻ ነበር፤ በሌሊት ጥበቃ ላይ የሚሰማውን «ማነህ?» የሚለውን ጥያቄ። ከጓደኛዋ ጋር ስታነብ፣ ጠያቂው በቦታው የቆመው ዘበኛ ፍራንሲስኮ ሳይሆን ሊተካው የመጣው በርናርዶ መሆኑን አስተዋለች። መጠየቅ የነበረበት ቋሚው ነው፤ እርሱም መልሶ «አንተ ንገረኝ» ይላል። መንፈሱ ገና ሳይታይ ፍርሃቱ ሥርዓቱን እንዳዛባው የጻፈችው ከዚህች አንዲት ቃል ተነሥታ ነው፤ ለዓመታት ሳስተምረው እኔ ራሴ አላየሁትም ነበር።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሥነ ጽሑፍ መምህር