የመጨረሻዋ አኃዝ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

አንዳንድ አሳታሚዎች የድሮውን ባለ 10 አኃዝ አይኤስቢኤን (ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) ፊቱ ላይ 978 ቀጥለውበት ባለ 13 ሆነ ይላሉ። አልሆነም፤ የመጨረሻዋ፣ የአጻጻፍ ስሕተትን የምታጋልጠው የማረጋገጫ አኃዝም እንደ አዲስ ትሰላለች። የፊተኞቹን 12 አኃዞች ከግራ ጀምሮ በ1 እና በ3 እያፈራረቁ አባዝቶ መደመር ነው። ድምሩ 123 ቢመጣ ለ10 ተካፍሎ 3 ይቀራል፤ 3 ከ10 ሲቀነስ አኃዟ 7 ትሆናለች። ቀሪ ከሌለ 0 ናት።

ጎን ለጎን ያሉ 1 እና 6 ቦታ ቢለዋወጡ ግን ስሌቱ ስሕተቱን አይነቃበትም፤ በዓይንም ማመሳከር ነው።

ከ978 ቀጥሎ የሚገባው የኢትዮጵያ መለያ 99944 አምስት አኃዝ ስለሚወስድ፣ በሥሩ ለአሳታሚና ለመጽሐፍ የሚተርፈው 4 አኃዝ፣ ማለትም 10,000 ቁጥር ብቻ ነው። ታዲያ ሳይለወጥ በድጋሚ ለታተመ መጽሐፍ አዲስ ቁጥር ምን ያደርጋል? ጠንካራና ስስ ሽፋን ግን ለየብቻ ይሰጣቸዋል።

አንድ የካታሎግ ባለሙያ