የሰው እግር ከመያዝሽ በፊት

ጅማ፣ ጥቅምት 14

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ክረምቱ ወጥቶ ግቢው ደርቋል፤ ጎረቤቶቻችንም ቡና ለቀማ ገብተዋል። ማታ ጀበናው ሲጣድ ያንቺ ቦታ ባዶ መሆኑ ይከብደኛል።

የሪፍሌክሶሎጂ፣ ማለትም የእግርን ነጥቦች እየተጫኑ ሌላውን የሰውነት ክፍል እንረዳለን የሚሉበትን ሙያ፣ ሥልጠናሽን ጨርሰሽ እዚሁ ጅማ ክፍል ተከራይተሽ ልትሠሪ እንዳሰብሽ ስሰማ ደስ ብሎኛል። «ሠላሳ ዓመት ነርስ ሆነሽ ስለሠራሽ ትንቂብኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነበር» ያልሽው ግን ልቤን ነካው። አልንቅም፤ እንዴት እንቃለሁ? ከአጋሮ በእግሩ የመጣ መንገደኛ ቤታችን ሲያድር አያትሽ ውኃ ታሞቅና በገበቴ ታቀርብ ነበር። ዝቅ ብላ ካጠበችው በኋላ ባቱንና ውስጥ እግሩን ቅቤ ቀብታ በአውራ ጣቷ ጠበቅ አድርጋ ታሸዋለች። ሰውየው የጀመረውን ወሬ ሳይጨርስ እዚያው ያንቀላፋል። እግር መያዝን የተማርኩት ከእርሷ ነው።

በሆስፒታልም አልተውኩትም። አንዲት ካንሰር የጸናባት እናት ነበረች። የማስታገሻ መርፌዋን ከሰጠኋት በኋላ ሌላ የማደርግላት ስላልነበረኝ እግሯን በለብታ ውኃ አጥቤ አሸሁላት። አይኗን ጨፍና «እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። ካንሰሩ አልቀነሰም፤ እርሷም ይህን ታውቅ ነበር። ሌሊቱን ግን ተኛች። ያንቺም ሥራ እንዲህ ያለ ሌሊት ለሰው መስጠት ከሆነ ትልቅ ሥራ ነው።

የከበደኝ የላክሽልኝ የእግር ካርታ ነው። አውራ ጣት ራስ፣ የውስጥ እግር መሐል ኩላሊትና ቆሽት፣ የውስጠኛው ጠርዝ አከርካሪ፣ ተረከዝ ዳሌ ተብሎ ተጽፎበታል፤ ጉበት በቀኝ እግር፣ ልብ በግራ። ይህ ሁሉ ከግብፅ የመጣ የ4,000 ዓመት ጥበብ ነው ብለው እንዳስተማሯችሁ ጽፈሻል። በግብፅ፣ ሳቃራ በሚባል ቦታ፣ አንክማሆር በተባለ የጥንት ሹም መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ሰዎች እጅና እግራቸው ሲያዝላቸው የሚያሳይ ሥዕል መኖሩ እውነት ነው። ካርታው ግን የቅርብ ጊዜ ነው። ዊሊያም ፊትዝጀራልድ የተባለ አሜሪካዊ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ሰውነትን ከራስ እስከ እግር በ10 ቀጥ ያሉ ክፍሎች ከፍሎ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1917 በመጽሐፍ አወጣ። ዩኒስ ኢንግሃም የተባለች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ደግሞ በ1930ዎቹ ያንን ወደ እግር አውርዳ ዛሬ የምታጠኚውን ካርታ ሠራች። ከኩላሊት ተነስቶ ውስጥ እግር መሐል ላይ የሚያርፍ የተለየ ነርቭ ግን የሰውነት ጥናት አላገኘም።

ይህን የምልሽ ላሳፍርሽ አይደለም። እንግሊዝ አገር ኤድዛርድ ኤርንስት የተባለ ፕሮፌሰር በሪፍሌክሶሎጂ ላይ የተሠሩ 18 ጥናቶችን ሰብስቦ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤቱን አሳተመ። ለየትኛውም በሽታ ሕክምና መሆኑን አሳማኝ በሆነ መንገድ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ሰውነት ሲፍታታና ልብ ሲረጋጋ ግን አንቺም እኔም በአይናችን አይተናል። ለዚያ ካርታ አያስፈልግም።

ካርታው ምን እንደሚያደርግ በራሴ ላይ ደርሶብኛል። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ባለሙያ ውስጥ እግሬን ሲጫን «እዚህ ጋ አመመሽ? ኩላሊትሽ ደክሟል» አለኝ። ነርስ ሆኜ እንኳ ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። ደምና ሽንት ተመረመርኩ፤ ኩላሊቴ ጤነኛ ነው። እግር 26 አጥንት አለው፤ ዕድሜውን ሙሉ ቆሞ የሠራ ሰው እግሩን ሲጫኑት ቢያመው ምን ይገርማል? ለምርመራ የሚከፍለው የሌለው ገበሬ እንዲህ ቢባል ኖሮ ያንን ፍርሃት ይዞ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። ልጄ፣ የማንንም ሰው በሽታ ከእግሩ ላይ አታንብቢ።

ሌላው ጭንቀቴ የስኳር ሕመምተኛው ነው። ስኳር የእግርን ነርቭ ሲጎዳ ሰው ሕመም አይሰማውም። ጫማው ውስጥ ጠጠር ገብቶ ሲልጠው የዋለ፣ ካልሲው በደም ተጣብቆ እስኪያወልቅ ድረስ ያላወቀ ሰው ቁስሉን አጥቤለት አውቃለሁ። እንዲህ ያለ እግር «ጠንከር አድርጊ» ቢልሽም አትስሚው። መጀመሪያ መብራት አብርተሽ እይ፤ በጣቶቹ መሐል ሳይቀር። ቁስል ካየሽ እጅሽን ሰብስቢና ወደ ጤና ጣቢያ ላኪው። አንዱ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆ ካመመው የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ ማሸት ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሰድደው ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ። ስብራት ያለበትን፣ ሪህ የተነሳበትንም እንዲሁ። ነፍሰ ጡር ብትመጣ ሐኪሟን ጠይቃ ትምጣ። ኢንሱሊኑን ወይም የግፊት ኪኒኑን «አሁንማ ተሽሎኛል» ብሎ ሊተው የሚፈልግ ሲያጋጥምሽ ደግሞ አጥብቀሽ ተቆጪው፤ የእናቷ ልጅ ናት ይበሉሽ።

በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግራቸው ሲሠሩ ኖረው ዝሆኔ የያዛቸው ሰዎችም ይመጡ ይሆናል። ተላላፊ አይደለም፤ እንዳትሸሺያቸው። እነርሱን የሚረዳቸው በሳሙናና በውኃ በየቀኑ መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ነው። አያትሽ በገበቴ ታደርገው የነበረውን ነገር አሳዪያቸው፤ ገንዘብ አትቀበያቸው።

በሩ ላይ ልትሰቅይው ያሰብሽውን ጽሑፍ አይቻለሁ። ስኳር፣ ግፊት፣ መካንነት የሚሉትን ሦስቱንም አውጪያቸው። «የእግር እጥበትና ማሸት፣ ለደከመው እረፍት» ይበቃል። ደንበኛ ሊያንስ ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት ኪራይ ከጡረታዬ እጨምርልሻለሁ።

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለውን ክፍል ሄጄ አይቼዋለሁ። ቧንቧው ውስጥ ነው፤ መስኮቱም ሰፊ ነው። ወገብሽ እንዳይጎዳ ዝቅ ያለ ባለሦስት እግር በርጩማ ለጠራቢው አዝዣለሁ፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አደርሳለሁ ብሎኛል። የመጀመሪያው እግር የእኔ ይሁን፤ ግራ ተረከዜ ካመመኝ ቆይቷል፤ ጠዋት የግፊት ኪኒኔን ውጬ እጠብቅሻለሁ።

እናትሽ