ፀሐይ ሳያይ የወደቀው የፀሐይ ፓኔላችን

ለምርት ፍተሻ ቢሮ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ በአካል መጣሁ። መልሱ አንድ ነው፤ «ጉዳዩ እየታየ ነው»። ማን እያየው እንደሆነ ስላልገባኝ፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው አደባባይ አውጥቼዋለሁ።

ለጨረታው እንድትፈትሹት የላክንላችሁ ስስ ፓኔል ሲአይጂኤስ የሚባለው ነው። ከመዳብ፣ ከኢንዲየም፣ ከጋሊየምና ከሴሊኒየም ይሠራል። ብርሃን የሚይዘው ንብርብር 2 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሁለት ሺህኛ) ገደማ ቢሆን ነው። የዚህ ነገር ጠላቱ እርጥበት ነው። ስለዚህ ከሌላው ሁሉ ቆጥበን ገንዘባችንን ጠርዙ ላይ አዋልነው፤ በሁለቱ መስታወቶች መሃል ዙሪያውን የሚዞር፣ እርጥበት የሚመጥ ጥቁር የቡታይል ጎማ ማሸጊያ። በ85 ዲግሪ ሙቀትና በ85 በመቶ እርጥበት 1,000 ሰዓት እንዲችል ሁለት ዓመት ለፋንበት።

እናንተ ግን እዚያ ፈተና ድረስ እንኳ አላደረሳችሁትም። አራት ወር መጋዘን ውስጥ ከነካርቶኑ ከረመ። አንድ ጠዋት ወጣ፣ የመለኪያው ብልጭታ በራበት፣ «ከተጻፈበት ዋት በታች» ተባለና ወደቀ። እዚያው ቆሜ ነበር። «መጀመሪያ ብርሃን ይምታው እንጂ!» ብዬ ብነግረው፣ ባለሙያው «ወረፋ አለ» አለኝ።

ደንቡን ያውቁታል። አይኢሲ 61215 የሚባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ፣ ፓኔል መጀመሪያ ይርጋ (ብርሃን እየመታው ኃይሉ መዋዠቁን ያቁም)፣ ከዚያ ይለካ ይላል። ሲአይጂኤስ ጨለማ ውስጥ ሲከርም ኃይሉ ይቀንሳል፤ ብርሃን ሲጠግብ ያገግማል።

ጉዱ ደግሞ ቀጥሎ ነው። ከእኛ በኋላ የተለካው አሞርፈስ ሲሊከን የሚባል ሌላ ዓይነት ስስ ፓኔል ነበር። የእሱ ነገር ተቃራኒ ነው። ከካርቶን ሲወጣ ጎበዝ ነው፤ ፀሐይ ላይ ሲውል በመጀመሪያዎቹ ወራት ከ10 እስከ 30 በመቶ ይወርዳል። ተመራማሪዎቹ ስቴብለርና ሮንስኪ ይህን ካሳዩ ቆይተዋል፤ በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። እሱ አለፈ! ጨረታው የሚዳኘው በአንድ ዋት ዋጋ ስለሆነ፣ ነገ የሚጠፋ ዋት ተቆጥሮለት «ርካሽ» ተባለ። (አሞርፈስ መጥፎ ነው አላልኩም። የረጋውን ዋት ጽፎ ቢመጣ እኔም እገዛዋለሁ።)

ማለፊያ ስጡን አላልኩም። ሁለቱንም ብርሃን ይምታቸውና እንደገና ለኩ። ያኔ ከወደቀ ራሴ ተሸክሜው እሄዳለሁ። የእኛው ከመጋዘናችሁ በር በስተግራ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። መልሳችሁ ካርቶን ውስጥ ከታችሁታል።