ስለ ጨጓራ ከጻፋችሁት የቀረ ነገር

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ባለፈው እትማችሁ የጤና ዓምድ ላይ ስለ ጨጓራ ሕመም ያወጣችሁትን አነበብኩ። ጭንቀት ቀንሱ፣ በርበሬ አታብዙ፣ በባዶ ሆድ ቡና አትጠጡ፣ ተልባ ጥሩ ነው ይላል። ክፉ ምክር የለበትም። ተልባ እኔም እወዳለሁ። ግን አንብቤ ስጨርስ አንድ ነገር ከነከነኝ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሕመሙ ካልለቀቀ ሰውየው ምን ያድርግ? መቼ ነው መመርመር ያለበት? የጨጓራ ካንሰርማ ጭራሽ አልተነሳም።

ፋርማሲስት ነኝ። ሽሮ ሜዳ፣ የሀበሻ ልብስ ከሚሸጥባቸው ሱቆች ጀርባ ባለች ትንሽ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። እኛ ጋ ጠዋት ጠዋት ከሚመጣው ሰው ብዙው የሚፈልገው የጨጓራ መድኃኒት ነው። "ኦሜፕራዞል አንድ ስትሪፕ ስጪኝ" ይላል። ማዘዣ የለም። ለማን ነው ስትሉት "ለእናቴ" ወይም "ለራሴ፣ የቆየብኝ ነው" ነው መልሱ። እንደ ስኳርና ሻይ ቅጠል ገዝቶት ይሄዳል፤ ሲያልቅ ደግሞ ይመለሳል።

ከነዚህ ደንበኞቼ አንዱ ልብስ ሰፊ ናቸው። ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀራቸው። የጥበብ ቀሚስ ሲሰፉ እጃቸው የታወቀ ነው፤ በሰርግ ወቅት ወረፋ ይያዝላቸዋል። እኔን "ዶክተር" ይሉኛል። መድኃኒት ቤት የቆመን ሁሉ ዶክተር ማለት የሰፈሩ ልማድ ነው፤ ማረሙ ስለሰለቸኝ ትቼዋለሁ። አንድ ቀን ሂሳብ ሊከፍሉ ኪሳቸው ሲገቡ ዓይኔ ሱሪያቸው ላይ አረፈ። ወገቡ ሁለት ጊዜ ጠቧል። የባለሙያ ሥራ ስለሆነ ስፌቱ ንጹሕ ነው። የተፈታው የመጀመሪያው ስፌት የተወው የመርፌ ቀዳዳ ግን ከአዲሱ ጎን በመስመር ይታያል።

"ጋሼ፣ ከስተዋል እንዴ?" አልኳቸው።

"እህል አልወርድ ብሎኝ ነው፣ ዶክተር። ሁለት ሦስት ጉርሻ ስወስድ እጠግባለሁ። ይሄን መድኃኒት ስውጥ ግን ቃጠሎው የለም፤ ይመስገነው።"

እኔን ያስደነገጠኝ ቃጠሎው መጥፋቱ ነው። ኦሜፕራዞል የጨጓራን አሲድ ይቀንሳል፤ ሥራው ይኸው ነው። ጥሩ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ካንሰር ያመጣው ቁስልም አሲዱ ሲቀንስለት ሕመሙ ይታገሳል። አንዳንዴ እንዲያውም ላይ ላዩን የዳነ ይመስላል። ሥሩ ግን ሥራውን አላቆመም። ስለዚህ "በመድኃኒቱ ተሽሎኛል" ማለት "ካንሰር አይደለም" ማለት አይደለም።

ሌላም ጠየቅኳቸው። ሰገራዎ ጠቁሮ ያውቃል? አዎ፣ ግን የብረት እንክብል ስለሚወስዱ ነው። እንክብሉን ማን አዘዘ? ደም ማነስ አለብዎት ተብለው ከአንድ ክሊኒክ። እውነት ነው፣ የብረት እንክብል ሰገራ ያጠቁራል። የጨጓራ ደምም ያጠቁራል። ስልሳ ዓመት የተጠጋ ወንድ ደሙ ሲያንስ፣ ደሙ የት ሄደ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በዚያ ቀን መድኃኒቱን አልሸጥኩላቸውም። "ጋሼ፣ መጀመሪያ ኢንዶስኮፒ ይነሡ" አልኳቸው፤ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ ጨጓራው የሚታይበት ምርመራ ነው። ተቀየሙኝ። ከመንገዱ ማዶ ሄደው ገዙ። በኋላ ያሳመኗቸው ባለቤታቸው ናቸው፤ እኔ አይደለሁም።

ኢንዶስኮፒውን አንድ የግል ጤና ተቋም ተነሡ። ስሙን አልጠራም። ውጤቱ ላይ "የጨጓራ ቁስለት" ተብሎ ተጽፏል። ናሙና አልተወሰደም። ከወረቀቱ ጋር የተሰጣቸው ምን ይመስላችኋል? የኦሜፕራዞል ማዘዣ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ቁስሉ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ቢሆን ካንሰር የመሆን ዕድሉ እምብዛም ነው። ጨጓራው ላይ ያለ ቁስል ግን በዓይን ታይቶ "ይሄ ደግ ነው፣ ይሄ ክፉ ነው" አይባልም፤ ትልልቅ ሐኪሞችም ይሳሳታሉ። ስለዚህ ከቁስሉ ጠርዝና መሐል ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ናሙና ይወሰዳል። ከምስር ፍሬ ያነሱ ቁርጥራጮች ናቸው። ሲወሰዱ ሕመማቸው አይሰማም። ናሙናው ንጹሕ ቢሆን እንኳ ሁለት ወር ገደማ ታክሞ ቁስሉ መዳኑ እንደገና በኢንዶስኮፒ ይታያል። ናሙና ለብቻው ያስከፍላል ተብሎ ከተዘለለ፣ የመጀመሪያው ክፍያም የከሰረ ነው። አንባቢዎቻችሁ ቱቦውን ለመዋጥ ከመተኛታቸው በፊት "ቁስል ከተገኘ ናሙና ትወስዳላችሁ ወይ?" ብለው ይጠይቁ። ነውር የለውም።

ሁለተኛው ኢንዶስኮፒ የተነሣው በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። ወረፋው ረጅም ነበር። ናሙናው ተወሰደ፣ በማይክሮስኮፕ ወደሚታይበት ክፍል፣ ፓቶሎጂ ሄደ፣ አዴኖካርሲኖማ ተብሎ ተመለሰ። አብዛኛው የጨጓራ ካንሰር ይኸው ዓይነት ነው።

ወረቀቱን ይዞ መድኃኒት ቤት የመጣው የመጀመሪያ ልጃቸው ነው። አራት ቦታ አጥፎታል። "እቴቴ፣ ለአባባ ቁስለት ነው ብለነዋል፤ አደራ አንቺም እንዳትነግሪው" አለኝ። ልጁን አልፈረድኩበትም። በኛ አገር ክፉ ወሬ ለታማሚ አይነገርም፤ ስንቱ ቤተሰብ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ግን ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒት፣ የሚወስድ ሰው ለምን ፀጉሩ እንደሚረግፍ፣ ትኩሳት ከያዘው ለምን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም መሮጥ እንዳለበት ካላወቀ እንዴት ይሆናል? ሐኪማቸው ይህን ለልጁ አስረዳው። ከዚያ ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ለራሳቸው ተነገራቸው። ጋሼ ብዙ አላወሩም። የጠየቁት አንድ ነገር ነው አሉ፦ "ለፋሲካ የተቀበልኩትን ሥራ ልጨርሰው ወይስ ለሰዎቹ ልመልስ?" ሐኪሙ "የጀመሩትን ይጨርሱ፣ አዲስ አይቀበሉ" አላቸው። ከብዙ ረጅም ማብራሪያ ይህ መልስ ይሻላል እላለሁ።

ቀጥሎ የደረትና የሆድ ሲቲ ስካን ታዘዘ። ካንሰሩ ጉበት፣ ሳንባ ወይም የሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ከደረሰ ጨጓራውን ቆርጦ ማውጣት በአብዛኛው አያድንም፤ ስለዚህ ቢላ ከመነሣቱ በፊት መታወቅ አለበት። ሽፋኑ ላይ የተበተነ ጥቃቅን ነገር ሲቲ ያመልጠዋል። ለዚህ ሲባል አንዳንድ ቦታ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይታያል። የሳቸው ጉበት ንጹሕ ነበር። ጨጓራው ዙሪያ ያሉ የሊምፍ ዕጢዎች፣ ንፍፊት የምንላቸው፣ ግን አብጠዋል። ሦስተኛ ደረጃ ተባለ። መጀመሪያ ኬሞ፣ ከዚያ ኦፕራሲዮን፣ ከዚያ እንደገና ኬሞ ተወሰነ።

ኬሞው ለምን ይቀድማል ብለው ዘመዶች ተጨቃጭቀዋል። "ቶሎ ይውጣለት እንጂ!" ይሉ ነበር። መልሱ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ የእንግሊዞች ጥናት አለ። ኦፕራሲዮን ብቻ ከተደረገላቸው 100 ሰዎች ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት 23 ገደማ ናቸው። ከኦፕራሲዮኑ በፊትና በኋላ ኬሞ ከወሰዱት ግን 36ቱ። ከዚያ ወዲህ ጀርመኖች የተሻለ የመድኃኒት ቅንብር አግኝተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቷል።

ከኬሞው መድኃኒቶች አንዱ ኦክሳሊፕላቲን ነው። ይህ መድኃኒት ከቅዝቃዜ ጋር አይስማማም። ቀዝቃዛ ነገር ሲነኩ ጣት ይወጋል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ሲጠጡ ጉሮሮ የታነቀ ይመስላል። ሽሮ ሜዳ ደግሞ የእንጦጦ ሥር ነው፤ የጠዋቱ ብርድ ይታወቃል። ጋሼ ጠዋት መቀሳቸውን መንካት አቃታቸው። እጀታውን በነጠላ ቁራጭ ጠቀለሉት። ቆይቶ ጣታቸው ጫፉ ደነዘዘ፤ ክር መርፌ ውስጥ የሚያስገባላቸው ለማጅ ልጁ ሆነ። ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። መደንዘዙን ለሐኪም ቢነግሩት መጠኑ ይቀነሳል ወይም መድኃኒቱ ይቆማል። ጋሼ "የማይረባ ነገር ነው" ብለው ደብቀውት ነበር።

ኦፕራሲዮኑ አብዛኛውን ጨጓራ ከነዕጢዎቹ አወጣ። ከዕጢዎቹ ቢያንስ 15ቱ በማይክሮስኮፕ መታየት አለባቸው፤ ካነሱ የበሽታው ደረጃ በትክክል አይታወቅም። አሁን ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ይበላሉ። ስኳር የበዛበት ሻይ ከጠጡ ልባቸው ይመታል፣ ያልባቸዋል፤ ጣፋጩ ሳይቆይ ወደ አንጀት ስለሚወርድ ነው። ጨጓራው ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው ደግሞ ቫይታሚን ቢ12ን ከምግብ መውሰድ ስለማይችል ዕድሜውን ሙሉ በመርፌ ወይም በከፍተኛ መጠን እንክብል ይተካለታል።

ይድናሉ ወይ? ባለቤታቸው በየሳምንቱ ይጠይቁኛል። የማውቀውን ነው የምነግራቸው። በአሜሪካኖች መዝገብ፣ ካንሰሩ ከጨጓራው ሳይወጣ ከተያዘ ከአራት ሰው ሦስቱ አምስት ዓመት ያልፋሉ። አጠገቡ ያሉ ዕጢዎች ላይ ከደረሰ ከሦስት አንዱ ገደማ። ሩቅ ከሄደ ከመቶ አሥር እንኳ አይሞሉም። ጋሼ መሐለኛው ላይ ናቸው። ደቡብ ኮሪያ 40 ዓመት የሞላውን ሰው በየሁለት ዓመቱ በኢንዶስኮፒ ታያለች፤ ገና ላይኛው ሽፋን ላይ እያለ ሲገኝ ሆድ ሳይከፈት በዚያው ቱቦ ተላጥቶ የሚወጣበት ጊዜ አለ። በዚህ ደረጃ የተያዙት ከመቶ ከ90 በላይ አምስት ዓመት ያልፋሉ።

ኮሪያን እንምሰል አልልም። መሣሪያውም ሐኪሙም የለንም፤ በሽታው እነሱ ጋ ከኛ በጣም ይበዛል። ቃር የያዘው ሁሉ ኢንዶስኮፒ ይነሣ አልልም። በፈተና ሰሞን ሆዱን የሚያቃጥለው የሃያ ዓመት ተማሪ ካንሰር የለበትም ብዬ ብወራረድ የምሸነፍ አይመስለኝም። የምለው ይህን ነው። ሳያስብ የከሳ፣ በጥቂት ጉርሻ የሚጠግብ፣ የሚያስመልሰው፣ ምግብ ሲውጥ የሚተናነቀው፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ማነስ ያለበት ሰው ተጨማሪ ስትሪፕ ሳይሆን ኢንዶስኮፒ ነው የሚያስፈልገው። ሃምሳውን ካለፈ በኋላ ሕመሙ አዲስ የጀመረውም እንዲሁ። የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፣ መድኃኒቱን ከመስጠታችን በፊት እነዚህን መጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ጨጓራ ውስጥ የሚኖረውን ባክቴሪያም ዓምዳችሁ በአንድ ቃል አልፎታል። ኤች ፓይሎሪ እ.ኤ.አ. በ1982 አውስትራሊያ ውስጥ በሁለት ሐኪሞች፣ በማርሻልና በዋረን ተገኘ። በ1994 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር አምጪ ብሎ መደበው። እኛ አገር ግማሽ ያህሉ ሰው አለበት። አይደንግጥ፤ ካለባቸው ውስጥ ካንሰር የሚይዛቸው ከመቶ ሦስት አይበልጡም፣ እሱም ብዙ ዓሥርት ዓመታት ፈጅቶ ነው። ግን ተመርምሮ የተገኘበት ሰው የታዘዘለትን ይጨርስ። እኛ ጋ የ14 ቀኑን መድኃኒት ጀምረው "አፌ መረረኝ" ብለው በአምስተኛው ቀን የሚያቆሙ ብዙ ናቸው። ምሬቱ የክላሪትሮማይሲኑ ነው፤ ሲያልቅ ይለቃል። ጨርሳችሁ ደግሞ "ጠፍቶ ይሆን?" ብላችሁ በሳምንቱ ሰገራ አታስመርምሩ። ከፀረ ተሕዋስያኑ በኋላ ቢያንስ አራት ሳምንት ጠብቁ። ከምርመራው በፊትም ሁለት ሳምንት ኦሜፕራዞል አትዋጡ፤ እየዋጡ የተመረመሩ ባክቴሪያው እያለ "የለም" ሊባሉ ይችላሉ። ቃጠሎው ካስቸገራችሁ ለነዚያ ሁለት ሳምንታት አሲዱን የሚያረክስ መድኃኒት፣ አንታሲድ፣ ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር
ፋርማሲስቷ፣ ከሽሮ ሜዳ